ጋሼ ተስተካከለ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ዝናብ። ጉልበቴ ከትናንት ጀምሮ ነግሮኝ ነበር።

ቢሮ ከሁሉም ቀድሜ ገባሁ። መስኮት ከፈትኩ። የወጣቱ ባልደረባዬ፣ የሽቦ፣ ሹራብ ወንበሩ ላይ አድሯል፤ አንሥቼ ሰቀልኩለት። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ቀጭን ነው፣ ወደፈለጉት ይታጠፋል። ሥራው ግን ደህና ነው። ይህን ለእሱ አልነግረውም።

የአዲሱን እትም የለውጥ ዝርዝር ጀመርኩ። ፕሮግራማችንን የሚጠቀሙት መድኃኒት ቤቶች ናቸው። ምን እንደተቀየረ፣ የቱ ቁልፍ ወዴት እንደሄደ፣ ከምን መጠንቀቅ እንዳለባቸው በሰው ቋንቋ እጽፍላቸዋለሁ። ፕሮግራሙ ከተጀመረ አንስቶ የኔ ሥራ ነው። ማንም አልሰጠኝም፣ ማንም አልወሰደብኝም። "የኅትመት ችግር ተፈትቷል" አልልም። "ሁለተኛው ወረቀት ባዶውን እየወጣ ያበሳጫችሁ ነበር፤ ከእንግዲህ አይወጣም፤ ከወጣ ደውሉልኝ" እላለሁ። ለሰው የሚነገረው እንዲህ ነው።

የመድኃኒት ቤቷ ሴትዮ ደወለች። ከመጀመሪያዎቹ ደንበኞቻችን አንዷ ናት። ዝርዝሬን እያተመች ከመደርደሪያው ጎን ግድግዳ ላይ ትለጥፋለች።

"ጋሼ፣ ወረቀትዎ ዘገየብኝ እኮ። ግድግዳዬ ራቁቱን ቀረ።"

"ይደርስሻል።"

"እርስዎ ካልነገሩኝ እኔ ምኑን አውቃለሁ? ስክሪን አላይ። ሥራውን የሚያውቁት ጣቶቼ ናቸው።"

ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ግን ደስ አለኝ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

ስብሰባ። የሰበሰበችን ልጄ ናት፤ የክፍሉ ኃላፊ። ቢሮ ውስጥ "እርስዎ" ትለኛለች፣ ቤት "አንተ"። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ ሥራ የጀመረች ዕለት። የቢሮውን በር ስናልፍ አባትና ልጅ ደጅ ይቀራሉ፣ እንደ ጃንጥላ። ማታ ስንወጣ እናነሣቸዋለን። እስከ ዛሬ አንድ ቀን አልተሳሳተችም።

"ከእንግዲህ የለውጥ ዝርዝሩን ማንም በእጁ አይጽፍም" አለች።

ሽቦ መሣሪያ ሠርቷል። ኮድ ባስገባን ቁጥር ምን እንዳደረግን የምንጽፍባት መስመር አለች፤ ኮሚት የምንላት። መሣሪያው የነዚያን መስመሮች ታሪክ አንብቦ ዝርዝሩን ራሱ ያወጣዋል። በአንድ ቁልፍ። ብቻ መስመሯ ከሦስት ቃላት በአንዱ መጀመር አለባት፦ "አዲስ"፣ "ጥገና"፣ "ሰባሪ"። ሰባሪ ማለት ሰው የለመደውን የሚያፈርስ ለውጥ ነው።

"ቅስም ሰባሪም ይገባበታል?" አልኩ።

ሳቁ። ልጄ አልሳቀችም።

"ጋሼ፣ እርስዎ በዝርዝሩ የሚያጠፉትን ጊዜ ለኮዱ እንፈልገዋለን።"

"የማጠፋውን?"

"የሚያውሉበትን ማለቴ ነው።"

አረመችው። እና? ከአፍ ወጥቷል።

"ያለ ሦስቱ ቃላት የገባ መስመርስ ምን ይሆናል?" ብዬ ጠየቅሁ።

"ይዘለዋል ጋሼ" አለ ሽቦ። "የሚያነበውም የመጀመሪያዋን መስመር ብቻ ነው። ከሥሯ ማብራሪያ ቢጻፍ አያየውም።"

"ሲዘልስ ይናገራል?"

"አይናገርም። ዝም ብሎ ያልፋል።"

"ዝም ብሎ የሚያልፍ ቃል አቀባይ!" አልኩ። ስሙ ቃል አቀባዩ ሆኖ ቀረ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 8

ሽቦ ቃል አቀባዩን ለሙከራ በጠቅላላው ታሪክ ላይ አስኬደው። ሦስቱን ቃላት ሳይጠይቅ፣ ከፕሮግራሙ የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ። ግድግዳው ላይ በፕሮጀክተር። ሁላችንም ቆመን እናያለን።

ከላይ ያለው ሁሉ የኔ ነው። ተስተካከለ። ቀጥሎ፣ ተስተካከለ። ከሥሩ፣ ተስተካከለ... ሽቦ ወደ ታች ያንከባልላል፣ ያው ነው።

እውነት ነው፤ እኔ ሁልጊዜ እንዲያ ነው የምጽፈው። ለማሽን ምን ይተረካል? ወጉን ለሰው፣ በዝርዝሩ ላይ እጽፈው ነበር። ለኮሚቱ አንድ ቃል ይበቃዋል። ተበላሽቶ ነበር፣ ተስተካከለ። ሌላ ምን አለ?

"ተመሳሳዩን ላጣምረው" አለ ሽቦና አንድ ነገር ነካ። ያ ሁሉ ዓመት ተጣጠፈ፣ ተጣጠፈና አንድ መስመር ሆነ።

ተስተካከለ።

በቃ። ዕድሜዬ።

"ጋሼ ተስተካከለ!" አለ አንዱ ከኋላ። ሳቅ። ሽቦም ሳቀ፣ ከዚያ አየኝና አፈረ። ልጄ ወደ መስኮቱ ዞረች። ትከሻዋ ይነቃነቅ ነበር። እናቷ ስታስቃት ትከሻዋ ልክ እንዲያ ነው የሚሆነው።

ቤት ስንደርስ ለእናቷ አወራችላት። ባለቤቴ እራት ስታቀርብ፣ "ጋሼ ተስተካከለ፣ ጨው ይስተካከልልህ?" አለችኝ። አንገቴን ደፍቼ በላሁ።

"አባዬ፣ ተቀየምክ እንዴ?" አለች ልጄ።

"ምን ያስቀይመኛል።"

"ቀልድ ነው እኮ።"

ቀልድ ነው። ምላስ አጥንት የላትም፣ አጥንት ግን ትሰብራለች። ይህችንስ ቃል አቀባዩ ከየትኛው መደብ ይጽፋት ይሆን? ከሰባሪ?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ልጄ ወንበር ስባ ጠረጴዛዬ አጠገብ ተቀመጠች።

"ጋሼ፣ እስካሁን ያስገቧቸው መስመሮች በሙሉ 'ተስተካከለ' ናቸው።"

"ተስተካክለው ነዋ።"

"አንዲት ቃል ብቻ እኮ ነው። 'ጥገና' ብለው ይጀምሩ፣ ከዚያ የፈለጉትን ይጻፉ።"

"እኔ ይህን ሙያ የተማርኩት ሽፋኑ ከወደቀ መጽሐፍ ነው። ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ፣ ሣጥን ላይ ተቀምጬ። ማንም በምን ቃል እንደምጀምር አልነገረኝም።"

"አውቃለሁ" አለች። ታውቃለች። ልጅ ሆና ይህን ተረት ስንት ጊዜ ሰምታለች።

"እንግዲያ ምን ትፈልጊያለሽ?"

"እንዲሰሙኝ።"

ተነሣች። ወንበሩን ወደ ቦታው መለሰችው። ሌሎቹ የሳቡትን አይመልሱም፤ እሷ ትመልሳለች። ያንን ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

ሳጥኗን ዛሬ ጨረስኩ። የመድኃኒት ጠርሙስ ላይ የሚለጠፈው ወረቀት የሚታተምበት ገጽ ላይ ያለች ትንሽ ሳጥን ናት። እስከ ዛሬ የሚገባባት ቁጥር "በቀን ስንት ጊዜ" ማለት ነበር። ሦስት ሲጽፉባት በቀን ሦስት ጊዜ ብላ ታትማለች። አሁን ሐኪሞቹ "በየስምንት ሰዓቱ" እያሉ መጻፍ ስለያዙ፣ አንዳንድ መድኃኒት ቤቶች ቀይሩልን አሉ። ቀየርኳት። አሁን የምትለው "በየስንት ሰዓቱ" ነው። ስምንት ቢጽፉ በየስምንት ሰዓቱ። ሦስት ቢጽፉ... በየሦስት ሰዓቱ።

ሥራው ቀላል ነው። ግን የለመደ እጅ አለ። ድሮ ቢሆን ከዝርዝሩ አናት ላይ በትልቁ አሰፍረው ነበር፦ "ልብ በሉ! ሳጥኗ ትርጉሟን ቀይራለች። ሦስት ትሏት የነበረውን ስምንት በሏት።"

ኮዱን አስገባሁ። መስመሯን ልጽፍ ስል ጠቋሚዋ ብልጭ ድርግም ትላለች። ትጠብቀኛለች። ሰባሪ? ጥገና? በስተርጅና ፊደል ሊያስቆጥሩኝ ነው?

ተስተካከለ፣ ብዬ ጻፍኩ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 21

ልጄ የቃል አቀባዩን ረቂቅ ላከችልኝ። መልእክቷ እንዲህ ይላል፦ "ጋሼ፣ የመጨረሻው አንባቢ እርስዎ እንዲሆኑ ወስነናል። ካነበቡት በኋላ ከሥሩ 'ታይቷል' ብለው ይጻፉ። ያኔ ይወጣል።"

አክብሮት ነው? ወይስ ለሽማግሌ የሚሰጥ የዳር ወንበር?

አነበብኩት። ንጹሕ ነው። ደረቅ ነው። አዲስ፦ እንዲህ። ጥገና፦ እንዲያ። የሽቦ ሁሉም አለ። የሌሎቹም አለ። የኔ አንድም የለም። ሳጥኗም የለችም።

ሁለተኛ አነበብኩት። የለችም።

ልጄ ጠረጴዛ ድረስ ብሄድ ዐሥር እርምጃ ቢሆን ነው። "ሳጥኗ ቀርታለች" ማለት ብቻ ነው። ከዚያስ? "አዩ ጋሼ፣ ለዚህ ነበር እኮ ቃሏን ይጻፏት ያልንዎት" ትለኛለች። በሁሉም ፊት። ሽቦም አንገቱን ይነቀንቃል።

የለም። ይውጣ። ስክሪኑ ላይ "በየስንት ሰዓቱ" ተብሎ ተጽፏል፤ ዓይን ያለው ያንብብ። ሁለት ሦስት መድኃኒት ቤቶች ይደውላሉ፣ ይጮኻሉ። "ወረቀቱ የታለ?" ይላሉ። ያን ጊዜ፣ ጋሼ እባክዎ ይጻፉልን፣ ይመጣል። ዝም አይነቅዝም።

ከሥሩ ጻፍኩ፦ ታይቷል።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 23

እትሙ ትናንት ወጣ። ስልኬ ጸጥ ብሏል። እስኪጮኹ እጠብቃለሁ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 26

የደወለ የለም። አንድም ሰው አላነበበው ይሆን? ወይስ ሁሉም ስክሪኑን አዩና ገባቸው? እንዲያ ከሆነ እኔ ያን ሁሉ ዓመት ለማን ነበር የጻፍኩት?

ሽቦ ብስኩት አመጣልኝ። "ጋሼ፣ ለስላሳውን መርጬልዎ ነው።" ጥርሴ ደህና ነው አልኩት። በላሁት ግን።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 28

ደወለች። የመድኃኒት ቤቷ። ድምፅዋን አላወቅሁትም።

"ጋሼ... ሳጥኗን ነክታችኋታል እንዴ?"

ወዲያው ገባኝ። ከወንበሬ ተነሣሁ። ለምን እንደተነሣሁ እንጃ።

አንዲት እናት ናት። ለልጇ የሳል ሽሮፕ ታዞለታል፣ በቀን ሦስት ጊዜ። ደዋይዋ እንደ ልማዷ ሦስትን ተጫነች። ጣቶቿ። ወረቀቱ "በየሦስት ሰዓቱ" ብሎ ወጣ፤ ጠርሙሱ ላይ ለጠፈችው። እናትየዋ ወረቀቱ ያለውን አደረገች። ሌሊቱን ሁሉ እየቀሰቀሰች። ልጁ አልጠጣም ሲል እያባበለች። በማግስቱ አልነቃ አላት።

"አሁንስ?" አልኩ።

"ሆስፒታል ነው። ነቅቷል አሉኝ። ይተርፋል አሉኝ... እኔ ግን ጋሼ፣ እጄ አልታዘዝ አለኝ። መደብሩን ዘግቻለሁ።"

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩ።

"ወረቀቱን ደግሜ አየሁት። ግድግዳዬ ላይ ነው። የለም። ከላይ እስከ ታች አየሁት፣ የለም። በርስዎ እጅ የተጻፈ ቢሆን ይነግረኝ ነበር።"

ስልኩን ለልጄ አቀበልኳት። ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። ከዚያ ሁላችንም ስልክ ላይ ወደቅን፤ ለየመድኃኒት ቤቱ። ሽቦ ሳጥኗን ወደ ነበረችበት መለሰ። ሁለት ጊዜ ተሳስቶ ደገመው። እኔ ደወልኩ፣ ደወልኩ። "ሦስት ማለት ሦስት ጊዜ ነው፣ ወደ ድሮው ተመልሷል።" ድምፄ ምንም አልሆነም። ሁልጊዜም ለማስጠንቀቅ ጥሩ ድምፅ አለኝ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 29

ልጁ ከሆስፒታል ወጥቷል። እግዚአብሔር ይመስገን ልል አስቤ አፌ እንቢ አለኝ።

ሥራ አስኪያጁ ሰበሰበን። "እንዴት ሆነ?" አለ።

ሽቦ ቀድሞ ተነሣ። "ጥፋቱ የኔ ነው። መሣሪያው መስመር ሲጥል መናገር ነበረበት። ዝም ብሎ እንዲያልፍ አድርጌ የሠራሁት እኔ ነኝ።" አልታጠፈም። ቀጥ ብሎ ቆሞ ነው የተናገረው። ስም ሳወጣለት ተሳስቻለሁ።

"ግን ረቂቁን ያነበበ ሰው ነበር" አለ ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን እያየ። "'ታይቷል' ይላል።"

ማንም ወደኔ አላየም። ማንም አለማየቱ ነው የገደለኝ።

"አላዩትም" አለች ልጄ። "ረቂቁ ረጅም ነበር። ፊደሉም ደቃቃ ነው። እሳቸው ላይ መጫን አልነበረብኝም፤ ጥፋቱ የኔ ነው።"

"ልክ ነው" አለ ሥራ አስኪያጁ፣ ድምፁን ለስለስ አድርጎ። "ጋሼን ከእንግዲህ በንባብ ባናደክማቸው።"

በንባብ! እኔን!

አፌን ከፈትኩ። አይቻለሁ፣ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ፣ ልል። ልጄ አየችኝ። ልትከልለኝ ነው የቆመችው፣ ልጅ ሆና ዝናብ ሲመጣ ኮቴ ሥር ትገባ እንደነበረው፤ አሁን ኮቱ እሷ ናት። አፌን ዘጋሁ።

ሰኞ፣ ኅዳር 2

ጠዋት ስክሪኔን ስከፍት ፊደሉ ሁሉ እንደ ቡጢ ተልቋል። አንድ መስመር ላይ አራት ቃል ብቻ። ሽቦ ነው። "ጋሼ፣ እንዳይቸገሩ አተለቅሁልዎ።"

አመሰግናለሁ አልኩት። መልሼ ላሳንሰው አልቻልኩም። ባሳንሰው ያዩኛል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 4

ልጄ እናትየዋ ቤት ሄዳ ይቅርታ ጠይቃለች። ብቻዋን። ማታ ስንበላ ነገረችን።

"ምን አለችሽ?" አለች እናቷ።

"ምንም። አስገባችኝ፣ ወንበር ሰጠችኝ። ልጁ መሬት ላይ መኪና ይነዳል። 'ወረቀቱ ያለውን ነው ያደረግሁት' አለችኝ። ደጋግማ። እኔ የከሰስኳት ይመስል... 'ወረቀቱ ያለውን ነው ያደረግሁት።'"

አለቀሰች። ባለቤቴ አቀፈቻት። እኔ ውሃ ቀዳሁላት። ብርጭቆውን ስትቀበለኝ "አባዬ፣ አንተ አትጨነቅ" አለችኝ። "ማንም ባንተ አልፈረደም።"

ዝም አይነቅዝም ያለው ማነው? ነቅዟል። ይሸተኛል።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7

ባለቤቴ የዓይን ሐኪም ቀጠሮ ይዛልኛለች። ለሰኞ። አልሄድም አልኩ። "ትሄዳታለህ" አለች።

ሰኞ፣ ኅዳር 9

ሄድኩ። ባለቤቴ አጠገቤ ተቀምጣለች። ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፤ አገጬን ማስደገፊያው ላይ አስደግፋ ብርሃን ታበራብኛለች። ከዚያ ግድግዳው ላይ ያሉትን ፊደላት አንብብ ተባልኩ። ልዋሽ አስቤ ነበር። በዚህ ዕድሜዬ፣ የታችኛውን መስመር አላየሁትም ልል። አልቻልኩም። አነበብኩት። እስከ መጨረሻዋ።

"አባት፣ ይህን መነጽር አይቀይሩት" አለች። "ከኔ ይሻላሉ።"

እራት ላይ ባለቤቴ እንደ ሠርግ ዜና አበሰረችው። "የአባትሽ ዓይን የጭልፊት ነው አሉን! ደቃቁን ፊደል ሁሉ ለቀመው። እኔ ስደነግጥ የከረምኩት በከንቱ ነው።"

ልጄ ማንኪያዋን አስቀመጠች። ቀስ ብላ፣ ድምፅ እንዳያሰማ። ቀና ብላ አየችኝ። ረጅም ጊዜ።

"ጥሩ ነው" አለች።

ሳህኗን አጥባ ገባች።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

ለሳጥኗ መፍትሔ ሠራሁላት። ካሁን በኋላ ወረቀቱ ከመታተሙ በፊት ፕሮግራሙ ያቆማል፤ "ሕመምተኛው በቀን ይህን ያህል ጊዜ ይወስዳል፤ ልክ ነው?" ብሎ ይጠይቃል። የለመደ ጣት የሚያልፈው አይደለም፤ ቁጥሩን ደግሞ መጻፍ ግድ ነው። ጥሩ ሥራ ነው። ምነው ያኔ...

መስመሯን ልጽፍ ተቀመጥኩ። ጠቋሚዋ ብልጭ ድርግም። ጻፍኩ፦

"ሰባሪ፦ ወረቀቱ ከመታተሙ በፊት መድኃኒቱ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚወሰድ ይጠይቃል።"

ከሥሯ ቀጠልኩ፦ "ያለፈው ለውጥ ለመድኃኒት ቤቶች ያልተነገረው ረቂቁን ያነበብኩት እኔ አይቼ ዝም ስላልኩ ነው። ዓይኔ ደህና ነው። ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ጥፋቱ የመሣሪያው አይደለም፣ የሠራውም ልጅ አይደለም፣ የኃላፊዋም አይደለም።"

አስገባሁት። ከገባ አይወጣም። የኮድ ታሪክ አይፋቅም።

ስለ ሕፃኑ ነው የጻፍኩት? ስለ ሽቦ? ወይስ ሽማግሌው ዓይኑ ፈዟል መባሉን መሸከም አቅቶኝ? ሰኞ ሐኪሟ ዘንድ ባልሄድ ኖሮስ... ራሴን ጠየቅሁ። ራሴም እንደኔ ግትር ነው፤ አይመልስም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 11

ከዚያ ጥፋት ወዲህ ማንኛውም ኮድ ልጄ ሳታየው አያልፍም። ጠዋት የኔን ከፍታ ስታነብ ከጠረጴዛዬ ሆኜ አያታለሁ። ፊቷ ላይ ምንም የለም። ረጅም ጊዜ ፈጀባት። አጭር ጽሑፍ ነበር።

ከሥሩ መጣ፦ ታይቷል።

ሌላ የለም። ያቺው የኔ ቃል።

ማታ ሁሉም ከወጣ በኋላ በሩ አጠገብ ቆመን፣ "አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት" አለች።

"ጠይቂ።"

"ሐኪሟ ዓይንዎ ደህና ነው ባትል ኖሮ ይጽፉት ነበር?"

ልዋሻት? ለእሷ ዋሽቼ አላውቅም። ዝም አልኩ እንጂ አልዋሸሁም... አይ፣ እንግዲህ ይህም ውሸት ነው።

"አላውቅም" አልኩ።

አንገቷን ነቀነቀች። ቢሮ ውስጥ ነበርን፤ እርስዎ ማለቷ ሕግ ነው። በሩን አልፈን ወጣን። ጃንጥላዬን አነሣሁ። ደጅ የቀሩትን አባትና ልጅ ግን ማንም አላነሣቸውም።

ዓርብ፣ ኅዳር 13

እትሙ ወጣ። ቃል አቀባዩ ዝርዝሩን አወጣ። አሁን መስመር ሲጥል በቀይ ይጮኻል፤ ሽቦ አስተካክሎታል። የኔ መስመር ከአናቱ ላይ ናት፤ ሰባሪ ተብላ። የመጀመሪያዋ ብቻ። ከሥሯ የጻፍኩትን አላየውም። እንደተሠራው ነው የሠራው።

ይህን ያኔ አውቅ ነበር? ሽቦ በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ተናግሮታል፤ ጆሮዬም እንደ ዓይኔ ደህና ነው። ስጽፍ ረስቼው ነበር? ወይስ...

የመድኃኒት ቤቷ ደወለች። መደብሯን ከፍታለች። "ጋሼ፣ ወረቀቱን ለጠፍኩት። ደረቅ ብሏል፣ ግን የምትጠይቀዋ ነገር ጥሩ ናት። እርስዎ ነዎት አይደል ያሰቧት? አውቄያለሁ። እርስዎ አይጨክኑብንም።"

ሁሉንም ነገርኳት። ከመጀመሪያው። ከዚያ ስልኩ ተዘጋ። እሷ ዘግታብኝ አታውቅም።

ለሽቦም ነገርኩት። "አንብቤዋለሁ ጋሼ" አለ። "ታሪኩ ውስጥ አለ እኮ፤ ሁላችንም አንብበነዋል።" ከዚያ ወደ ስክሪኑ ተመለሰ። ፊደሌን ወደ ድሮው አሳንሶልኛል። ሳልጠይቀው።

እሑድ፣ ኅዳር 15

ቁርስ። ሦስታችን ነን። ፀሐይ ወጥታለች። ባለቤቴ ስለሚያፈሰው የጎረቤት ጣሪያ ታወራለች። ዳቦውን ቆረጥኩ። ልጄ የሻይ ማንቆርቆሪያውን አነሣች፣ ለእናቷ ቀዳች፣ ወደኔ ዞረች።

"ሻይ ይጨመርልዎት?"

ባለቤቴ ሳቀች። "ምነው፣ እሑድም ቢሮ ነሽ እንዴ?"

ልጄ አልሳቀችም። ማንቆርቆሪያውን በሁለት እጇ ይዛ ጎንበስ ብላ ትጠብቀኛለች። እንዴት ያለ አክብሮት ነው... እኔው ያስተማርኳት።

ቤት ነበርን።

ብርጭቆዬን አቀረብኩላት።